የዕቅድ ውይይት፦ ለወረዳውና ለእድሮች የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ (ቱሉ ዲምቱ)

የማህበሩ ጸሐፊ፦
ሰላም ቤተሰቦች። መስከረም 30 የዓለም የአእምሮ ጤና ቀን ነው። እስከዚያ ስለ አእምሮ ሕመምተኞችና ስለ ቤተሰቦቻቸው አንድ ደብዳቤ ለወረዳው፣ አንድ ደግሞ ለሰፈሩ እድሮች ልናስገባ ተስማምተናል። እስካሁን በተጻፈው ረቂቅ ላይ ዋናው ጥያቄ «ግንዛቤ ይፈጠር» የሚል ነው። እኔን ቅር ብሎኛል። ግንዛቤ፣ ግንዛቤ ስንል ከረምን። ሰዉ ከንፈሩን መጠጥ አድርጎ ያልፋል፣ ማታ ግን ቤት አከራይ «ልጅሽን ይዘሽ ልቀቂልኝ» ይላል። የሚጨበጥ ነገር እንጠይቅ ባይ ነኝ። የሚመስላችሁን ጻፉ።

የታማሚ እናት፦
ልጆቼ፣ እኔ ሕግ አላውቅም፣ የደረሰብኝን ልናገር። ልጄ ከታመመ ስድስት ዓመቱ ነው። መጀመሪያ ጸበል ወሰድኩት፣ እንጦጦ ሁለት ወር ከረምን። ቤት ከገባን በኋላ ሌሊት እየወጣ አስፋልት ላይ ይገኝ ጀመር። መኪና ይበላብኛል ብዬ በሰንሰለት አሰርኩት። በገዛ እጄ። ብረቱ ቁርጭምጭሚቱን እንዳይልጠው ነጠላዬን ቀድጄ ጠቀለልኩለት። ጨርቁን በየሦስት ቀኑ ፈትቼ አጥብ ነበር። ጨካኝ ሆኜ አይደለም፣ ሌላ መላ አጥቼ ነው። ዛሬ መድኃኒት ይወስዳል፣ ሰንሰለቱ ከወለቀ ቆየ። ግን ብቻውን ጥዬው መውጣት ስለማልችል ቀብር እቀራለሁ። በቀረሁ ቁጥር እድሩ ይቀጣኛል። ሰው ሲሞት አብሬ ማልቀስ ጠልቼ ነው?

የሌላ እድር ሰብሳቢ፦
እናቴ፣ ይህን ሳነብ አፈርኩ። የእርስዎ እድር ባንሆንም የእኛ ደንብም ያው ነው። ትናንት ማታ አውጥቼ አየሁት። አራስና የታመመ አይቀጣም ይላል፤ አስታማሚ አይልም። አንዲት ቃል ናት የጎደለችው። በሚቀጥለው ጉባኤ እኔ ራሴ አነሳዋለሁ። ለእድሮች በምንጽፈው ደብዳቤ ይህ አንደኛ ይሁን። ሌላም ልጨምር። በስም መጥሪያው ላይ «የእብዱ አባት» እየተባለ የሚጠራ አባል አለን። ይህም ይቁም።

ጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ፦
ለወረዳው ደብዳቤ የእኔ ሐሳብ መድኃኒት ነው። አማኑኤል በጣሊያን ወረራ ጊዜ የተቋቋመ ሆስፒታል ነው። ለአሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል እሱ ነበር። ለዚህ ነው መሰለኝ ሁላችንም ስለ አእምሮ ሕመም ሲነሳ አማኑኤል ብቻ የሚታየን። ግን ብዙው ክትትል እዚሁ ጤና ጣቢያ ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ሳይካትሪስት (የአእምሮ ሐኪም) ያልሆነ የጤና ባለሙያ እንዲያክም ያዘጋጀው መመሪያ አለ፣ ኤምኤችጋፕ ይባላል፣ አገራችንም ትሠራበታለች። ሃሎፔሪዶል፣ በወር አንዴ የሚወጋው ፍሉፌናዚን፣ እነዚህ ለረጅም ዓመታት የተሠራባቸው የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች ናቸው። ችግሩ ሲያልቁ ነው። «የለም» ሲባል ሰዉ ከዚህ መርካቶ ድረስ ታክሲ እየቀያየረ ይሄዳል። የቀን ሠራተኛ ከሆነ የቀን ገቢው አለቀ። አንድ ወር ይዘላል፣ ሁለተኛውንም፣ ከዚያ ሕመሙ ይመለሳል። ጎረቤት ደግሞ «ድሮም አይድንም» ይላል።

አንድ ነገር ደግሞ፦ እጁ የሚንቀጠቀጠው፣ ሰውነቱ የሚገተረው፣ ለሃጩ የሚወርደው ብዙ ጊዜ ከመድኃኒቱ የተነሳ ነው። ሰው ግን ሕመሙ የባሰበት ይመስለዋል። ለሐኪሙ ከተነገረ መጠኑ ይስተካከላል ወይም ይቀየራል። ዝም ብሎ ማቋረጥ ግን አደገኛ ነው።

ጸበሉንም ማንም ተው አይልም። አቡነ ጳውሎስ በኤችአይቪ ጊዜ ጸበልና መድኃኒት አብረው እንዲወሰዱ ተናግረው ነበር። ለዚህም ያው ነው።

የወር መርፌ የምወስደው፦
ታማሚው እኔ ነኝ። ጋሼ፣ ስለ ስም መጥሪያው ስለተናገሩ አመሰግናለሁ። ሴራሚክ አንጣፊ ነኝ። ስታመም ዘጠኝ ወር ሥራ አቆምኩ። ከተሻለኝ በኋላ አሠሪዬ ጋ ስመለስ «አንተን ፎቅ ላይ አላወጣም» አለኝ። ያነጠፍኩትን እንኳ አላየም።

ረቂቁ ላይ «እንዲረዱ» የሚለው ቃል አምስት ቦታ አለ። እባካችሁ ቢያንስ ሁለቱን «እንዲቀጠሩ» በሉት። አዋጅ ቁጥር 568/2000ን አንብቤዋለሁ። ርዕሱ የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት ስለሚል ሰዉ እጅና እግር ብቻ ይመስለዋል። ትርጉሙ ላይ ግን የአእምሮ ጉዳትም አለ። የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች ስምምነትም አገራችን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 41 ላይ የአእምሮ ጉዳተኞችን ጠቅሷል። ቁጥሮቹን ደብዳቤው ላይ አስገቡልኝ። ወረዳ ላይ ቁጥር ይዞ የገባ ሰው ሲደመጥ አይቻለሁ።

የማህበሩ ጸሐፊ፦
ይገባል፣ ቁጥሮቹም ይገባሉ። ወንድሜ፣ የሥራውን ክፍል አንተው ጻፈው፣ እኔ አልነካውም። የመድኃኒቱን ሲስተር ትጻፈው። ያለቀበት ቀን፣ የመድኃኒቱ ስም፣ ስንት ሰው ሳይወስድ እንደተመለሰ። የታማሚ ስም ግን አይኑርበት። ጋሼ የእድሩን ይያዙልን። «ግንዛቤ ይፈጠር» የሚለውን ሰርዤዋለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ቁጭ ብለን እንጨርሰው። የት ይሁን?

የታማሚ እናት፦
እኔ መውጣት ስለማይሆንልኝ እኔ ቤት ይሁን። አራተኛ ፎቅ ነው፣ ደረጃው ላይ መብራት የለም፣ በስልካችሁ እያበራችሁ ውጡ። ቡና አፈላለሁ። ልጄም አብሮን ይቀመጣል፣ የሚለው ነገር አያጣም።

የወር መርፌ የምወስደው፦
እማዬ፣ እኔ ቀደም ብዬ እመጣለሁ። ከእሱ ጋር ትንሽ እናወራለን።