ምግብ ቤቴ ተከሰሰ፤ ጠበቃ የግድ ነው?

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፦
ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ባለፈው ጥር በረዶ በጣለ ማግስት አንዲት ተመጋቢ ደጃችን ላይ ተንሸራታ ወደቀች። ጠርገን ጨው ነስንሰን ነበር። «እኔን!» ብዬ ሮጬ አነሳኋት፣ ሻይ አቀረብኩላት፣ ሒሳብም አላስከፈልኳትም። ትናንት ከሰርኪዩት ኮርት መጥሪያና ክስ መጣልኝ። የተከሰሰው ኤልኤልሲው፣ ማለትም ምግብ ቤቱ የተመዘገበበት ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት ነው። እንግሊዝኛዬ አያንስም፣ እውነቱም ከእኔ ጋር ነው። ራሴ ቀርቤ ብናገርስ?

መልስ፦
አይሆንም ወንድሜ። የተከሰስከው በግልህ ቢሆን ራስህ መከራከር ትችል ነበር። ኤልኤልሲ ግን ሕግ ፊት ሌላ ሰው ነው፤ ሰርኪዩት ኮርት ውስጥ ያለ ጠበቃ መከራከር አይችልም። መጥሪያው በደረሰህ በ21 ቀን ውስጥ መልስ ካልገባ ከሳሿ በሌለህበት እንዲፈረድባችሁ ትጠይቃለች።

ጠበቃ ፍለጋ ከመሮጥህ በፊት ግን የኢንሹራንስ ወረቀትህን አውጣ። የንግድ ኃላፊነት ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ ካሳውን ብቻ ሳይሆን ጠበቃውንም ይችላል። ክሱን ዛሬውኑ ላክላቸው፤ ካዘገየህ «አንሸፍንም» ለማለት ሰበብ ያገኛሉ። የሚመደብልህ እንደ እኔ ያለ ሰው ነው፤ ለተከሰሱ ድርጅቶች ጠበቃ ሆኜ ስከራከር 11 ዓመቴ። ደሞዜ ከኢንሹራንሱ ይምጣ እንጂ የምቆመው ለአንተ ነው።

ፊልም ላይ እንደምታየው አይደለም። አብዛኛው ክስ ጁሪ ፊት ሳይደርስ በስምምነት ያልቃል። ዕድሜያችን የሚያልቀው ዲፖዚሽን ላይ፣ ማለትም ከችሎት በፊት በሚሰጥ ቃል ላይ ነው፦ ቢሮ ውስጥ፣ በመሐላ፣ መዝጋቢዋ እያንዳንዷን ቃል እየለቀመች። ከሳሿን የምጠይቃት የሰፈር ወሬ ይመስላል። ምን ጫማ አድርገሽ ነበር? ስልክሽ እጅሽ ላይ ነበር? በረዶውን አይተሽዋል? በቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድም እንደዚያው፣ ለመውደቋ የራሷ ቸልተኝነት በጥቂቱም ቢሆን ምክንያት ከሆነ ካሳዋ እንዳለ ሊቀር ይችላል። እንጀራዬን የምበላበት ቢሆንም ጨካኝ ሕግ ነው።

ያንተም ተራ ይመጣል። የእኛ ሰው «አዎ» ሲል ትንፋሹን ወደ ውስጥ ይስባል አይደል? መዝጋቢዋ ትንፋሽ አትጽፍም። አንድ ባለሱቅ በዚህ ምክንያት ደጋግመው ሲያስቆሙት የተቆጡት መስሎት ላብ አጠመቀው። ያቺ «እኔን!»ም ትነሳለች፤ የከሳሿ ጠበቃ «ጥፋቱ የእኔ ነው ብሏል» ሊያሰኛት ይሞክራል። አስተርጓሚ ጠይቅ፣ ለጠበቃህም ቃሏ ምን ማለት እንደሆነች ከወዲሁ አስረዳው።

የካሜራውን ቅጂም አስቀምጥ።

ከአሌክሳንድሪያ፦
ካሜራው የቀረጸውን በየ30 ቀኑ ራሱ ያጠፋዋል። ልጄ ግን የዚያን ዕለቱን በስልኩ ቀድቶ፣ ከነሳቁ፣ ለቤተሰብ ግሩፕ ልኮታል። ላስጠፋው?

መልስ፦
እንዳትነካው! ይህንንም ጽሑፍ አታጥፋ። ግን ከአሁን በኋላ እዚህ አትጻፍ፤ ያኛው ወገን ሊያስቀርበው ይችላል። የቀረውን ለጠበቃህ ብቻ ንገረው።