የ16 ዓመት ልጄ ቦርሳ ውስጥ ስላገኘሁት ልቦለድ

ውድ የማኅበራችን አባላት፣

ሜሪላንድ የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ባለፈው ሳምንት የ16 ዓመት ልጄን ቦርሳ ሳስተካክል ከትምህርት ቤቷ ቤተ መጻሕፍት የተዋሰችው አንድ ልቦለድ አገኘሁ። የጀርባ ሽፋኑን ሳነብ ታሪኩ በሳን ፍራንሲስኮ የቻይናውያን ሰፈር ያደገች አንዲት ወጣት የክፍሏን ልጅ፣ እሷም ሴት የሆነችውን፣ ስለማፍቀሯ የሚናገር መሆኑን ተረዳሁ። መጽሐፉን ወደ ነበረበት መልሼ ሦስት ቀን ዝም አልኩ። ልጄን ለመጠየቅም ለባለቤቴ ለመንገርም ፈራሁ። ምስጢሬን ያካፈልኳት አንዲት ዘመዴ «ክረምቱን አዲስ አበባ አያቷ ዘንድ ላኪያትና ታርማት» ብላ መከረችኝ። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ እናቶች ካላችሁ ምክራችሁን አትንፈጉኝ።

———

ውድ እህቴ፣

ከሁሉ አስቀድሞ መጽሐፉን ወደ ቦርሳዋ በመመለስዎ ላመስግንዎ። እኔ ከአምስት ዓመት በፊት እንዲህ አላደረግኩም። የታላቋን ልጄን መጽሐፍ ይዤ ሳሎን ቁጭ ብዬ ጠበቅኋት፤ የተናገርኩትን ዛሬ መድገም አልፈልግም። ከዚያ ምሽት በኋላ ልጄ ቤት ውስጥ መጽሐፍ ስታነብ አላየኋትም፤ ቅዳሜ ቡና ሲፈላም ከጎኔ መቀመጧን ተወች። አንድ ዓመት ያህል እንዲህ ከቆየን በኋላ ነው እነዚያን ልቦለዶች ራሴ እየተዋስኩ ማንበብ የጀመርኩት።

የገለጹት መጽሐፍ የማሊንዳ ሎ «ላስት ናይት አት ዘ ቴሌግራፍ ክለብ» ይመስለኛል። በ2021 የወጣ ሲሆን በዚያው ዓመት በወጣቶች ሥነ ጽሑፍ ዘርፍ የአሜሪካን ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት አግኝቷል። ታሪኩ የሚፈጸመው በ1954 ነው። ዋና ባለታሪኳ ሊሊ የ17 ዓመት ልጅ ናት፤ ሒሳብ ትወዳለች፣ አንድ ቀን በሮኬት ሥራ ላይ ለመሰማራትም ትመኛለች። ካትሊን የተባለችው የክፍል ጓደኛዋ ደግሞ አውሮፕላን ማብረር ትመኛለች። ፍቅራቸው የሚጀምረው እንግዲህ በዚህ ዓይነት ወሬ ነው። እኔ ሳልገልጠው የፈራሁት ሌላ ነገር ነበር፤ ሳነበው ያገኘሁት ግን በአብዛኛው ብቸኝነትን፣ ለራሷ ስሜት ስም ፍለጋ የምትጨነቅ ልጅንና ሌላ ሰው እንደ እሷ መሆኑን ባወቀች ጊዜ የተሰማትን እፎይታ ነው።

ከሁሉም በላይ የያዘኝ የአባትየው ነገር ነው። የሊሊ አባት ከቻይና የመጣ ሐኪም ነው፤ አንድ ወጣት ኮሚኒስት ነው ብሎ ለመፈረም ፈቃደኛ ስላልሆነ የዜግነት ወረቀቱ ተወስዶበታል። ስለዚህ ሊሊ ፍቅሯን የምትደብቀው ስለምታፍርበት ብቻ አይደለም። የእሷ ስም በአደባባይ ከተነሣ የባለሥልጣናት ዓይን ወደ ቤታቸው እንደሚመለስና የወላጆቿ መኖሪያ አደጋ ላይ እንደሚወድቅ ታውቃለች። የጥገኝነት ጉዳያችን እስኪወሰን ድረስ ለዓመታት የበር መንኳኳት የሚያስደነግጠን እኛ፣ ልጆቻችን ይህንን ፍርሃት ከእኛ ጋር ሲጠጡት ማደጋቸውን እንዴት እንረሳለን? ልጄ በኋላ እንደነገረችኝ ለሁለት ዓመት ዝም ያለችው የቤተ ክርስቲያን ሰው ቢሰማ እኔ አንገቴን ደፍቼ እንድሄድ ስላልፈለገች ነው። እኔን እየጠበቀችኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ዓመፅ መስሎኝ ነበር።

እንዲህ ያሉ መጻሕፍት ትናንት የተፈጠሩ አይደሉም። ትሪኒዳድ ተወልዳ ኒው ዮርክ ያደገችው ሮዛ ጋይ «ሩቢ» የተባለውን ልቦለዷን ያሳተመችው በ1976 ነው፤ ዋና ባለታሪኳ ከካሪቢያን ደሴት መጥታ ሃርለም ውስጥ በኃይለኛ አባት ቤት የምትኖር፣ እናቷ የሞተችባትና የሚሰማት ያጣች ልጅ ናት። በ1982 የወጣው የናንሲ ጋርደን «አኒ ኦን ማይ ማይንድ» ደግሞ ሁለቱን ሴት ልጆች በሞት ወይም በጸጸት ሳይቀጣ በተስፋ በማሰናበቱ በብዙዎች ዘንድ ልዩ ቦታ አለው። ይህ መጽሐፍ በ1993 ካንሳስ ሲቲ ውስጥ በአደባባይ ተቃጥሏል፤ ኦሌዝ በተባለችው የካንሳስ ከተማም ከትምህርት ቤት መደርደሪያ ተነሥቶ፣ ተማሪዎችና ወላጆች ከስሰው በ1995 በፌዴራል ፍርድ ቤት ትእዛዝ ተመልሷል።

በእኛ ሰፈር ያለውንም ክርክር ያውቁታል። ወላጆች ልጆቻቸው የተመሳሳይ ፆታ ነገር ያለባቸው መጻሕፍት ሲነበቡ ከክፍል እንዲቀሩ የመጠየቅ መብት ይሰጠን ብለው በከሰሱበት፣ በሞንትጎመሪ ካውንቲ በተነሣው የትምህርት ቤት መጻሕፍት ጉዳይ ብዙ ኦርቶዶክሳውያን ወገኖቻችን ከሙስሊም ወላጆች ጋር ሰልፍ ወጥተዋል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በሰኔ 2025 6 ለ3 በሆነ ድምፅ ለከሳሾቹ ወላጆች ወስኗል። ያ ጉዳይ ግን መምህር ለትንንሽ ልጆች በክፍል ውስጥ ስለሚያነባቸው ሥዕላዊ መጻሕፍት ነው። የ16 ዓመት ልጅዎ ማንም ሳያስገድዳት መርጣ የተዋሰችው ልቦለድ ሌላ ነገር ነው፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ መቆጣት ልጅቱን ባልነበረችበት ጠብ ውስጥ ማስገባት ይሆናል።

ስለ ዘመድዎ ምክር በግልጽ ልናገር፤ እባክዎ አይላኳት። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን ወንጀል አድርጎ ይደነግጋል። ልጅቱ ፓስፖርቷና ስልኳ በሌላ ሰው እጅ ሆኖ፣ የሚያምናት አንድ ሰው በሌለበት ሀገር እንድትቀመጥ ማድረግ እርማት አይደለም። የቃልም ነገር አለ። ልጄ እንደዚህ ያለች ሰው በአማርኛ ምን ተብላ እንደምትጠራ ጠይቃኝ የማውቀው የወንጀል ሕጉ የሚጠቀምበትን «ግብረ ሰዶም» የሚለውን ቃል ብቻ ነበር። ስድብ ሆኖ የሚጠራን ስም ልጅ እንዴት ለራሷ ትቀበለው? ተመሳሳይ ፆታ የሚያፈቅሩ ወገኖቻችን እርስ በርሳቸው «ዜጋ» እንደሚባባሉ የነገረችኝ እሷው ናት። ያን ቀን ከልቤ አለቀስኩ፤ ልጄ በገዛ ቋንቋዬ የሚገባትን ቃል ያገኘችው እኔ ዘንድ አይደለምና።

ልጅዎ መጽሐፉን ስለተዋሰች ብቻ ሴት ታፈቅራለች ማለት አይደለም፤ የጓደኛዋ ጉዳይ ሊሆን ይችላል፣ ታሪኩን ወድዳውም ሊሆን ይችላል። የራሷም ከሆነ በራሷ ጊዜ ትንገርዎ። እኔ የምለምንዎ መጽሐፉን አንዴ እንዲያነቡት፣ በተለይም እናትየው የምትናገርባቸውን ገጾች ቀስ ብለው እንዲያነቡ ነው፤ ልጆቻችን አጥብቀው የሚያነቡት እነሱን ገጾች ይመስለኛል። ከባለቤትዎ ጋር መነጋገር ከከበደዎ በ1973 ተመሳሳይ ፆታ የሚያፈቅሩ ልጆች ባሏቸው ወላጆች የተመሠረተው ፒፍላግ የተባለ ማኅበር በየአካባቢው የወላጆች ስብሰባ አለው። እኔ መጀመሪያ ስሄድ ከኋላ ተቀምጬ አንድም ቃል አልተናገርኩም፤ ማንም አላስገደደኝም።

———

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

መጽሐፉን ከከተማው ቤተ መጻሕፍት ተውሼ ማታ ማታ አነባለሁ፤ እንግሊዝኛው ቢከብደኝም እየገፋሁ ነው። ትናንት ልጄ ወጥ ቤት ገብታ ጠረጴዛው ላይ አየችው። ቆም ብላ «እማዬ፣ የት ደረስሽ?» አለችኝ። ፖሊሶች ክለቡ ውስጥ ከገቡበት እንዳላለፍኩ ነገርኳት። ሻይ ቀድታ አጠገቤ ተቀመጠችና «ቀጣዩን ብቻሽን አታንብቢው፤ ቅዳሜ አብረን እናነባለን» አለችኝ። ለዘመዴም ልጄ ክረምቱን እዚሁ እንደምትቆይ ደውዬ ነግሬያታለሁ።