ከባሕር ላይ የሚካሄድ የባሊስቲክ ሚሳኤል መከላከል፦ የጋራ ምክረ ሐሳባችንን አንደኛ ክፍል ለማስተካከል የቀረበ የዕቅድ ውይይት

የረቂቅ ዝግጅት አስተባባሪ

ውድ የማኅበራችን አባላት፣ የመጀመሪያው ረቂቅ ለሁላችሁም ደርሷል። ደጋግሜ ካነበብኩት በኋላ አንድ መሠረታዊ ማሻሻያ እንድታዩልኝ አቀርባለሁ። አሁን ባለው አቀማመጥ አንደኛው ክፍል የሚጀምረው «የትኛው ጠላፊ ሚሳኤል (የሚመጣውን ሚሳኤል በአየር ላይ የሚመታው) ይመረጥ» በሚለው ጥያቄ ሲሆን፣ ዒላማን የመለየት፣ ውሳኔ የመስጠትና ባለሙያ የማሠልጠን ጉዳይ ግን አራተኛው ክፍል ውስጥ በሁለት አንቀጽ ብቻ ተጠቅሶ ታልፏል። ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ምክንያቴ ከጊዜ ይነሣል። 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዝ ባሊስቲክ ሚሳኤል (ሞተሩ ከጠፋ በኋላ እንደተወረወረ ድንጋይ ቅስት ሠርቶ የሚወርድ) ከተነሣበት ሰዓት እስከሚወድቅ ድረስ ያለው ጊዜ 10 ደቂቃ ቢሆን ነው፤ ነዳጁን ጨርሶ ሞተሩ ሲጠፋም ፍጥነቱ በሰከንድ ወደ 3 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ምድር ክብ በመሆኗ ደግሞ ከመነሻው 1,000 ኪሎ ሜትር ርቃ የቆመች መርከብ በራሷ ራዳር ልታየው የምትጀምረው ሚሳኤሉ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሲደርስ ነው። እንግዲህ ከዚያች 10 ደቂቃ ላይ ሚሳኤሉ ከአድማስ በታች የቆየበትን፣ የበረራ መንገዱ የሚሰላበትን፣ እንዲሁም ጠላፊው ሚሳኤል ራሱ ወደ መገናኛው ቦታ የሚበርበትን ጊዜ ብንቀንስ፣ በውጊያ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ለተቀመጡት ሰዎች የሚተርፋቸው እጅግ ጥቂት ነው። ምክረ ሐሳባችን ከዚህች ጥቂት ጊዜ ካልተነሣ፣ ሌላው ሁሉ መሠረቱን ያጣል።

ይህን ስል የጠላፊውን ቴክኖሎጂ ማቃለሌ አይደለም። ዩ ኤስ ኤስ ሌክ ኢሪ የተባለችው የአሜሪካ መርከብ በጥር 2002 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ኤስ ኤም 3 በተባለው ጠላፊ ሚሳኤል ከከባቢ አየር ውጭ ዒላማ መትታለች። በታኅሣሥ 2007 ኮንጎ የተባለችው የጃፓን የጦር መርከብ በሃዋይ አቅራቢያ በተደረገ ሙከራ ተሳክቶላታል፤ በኅዳር 2020 ደግሞ ብሎክ 2ኤ የተባለው የኤስ ኤም 3 ዓይነት አህጉር አቋራጭ ሚሳኤልን የሚወክል ዒላማ መትቷል። በሚያዝያ 2024 ኤስ ኤም 3 ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነተኛ ውጊያ ተተኩሷል። ጥይትን በጥይት መምታት ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ በዚህ ተመልሷል ማለት ይቻላል። ነገር ግን በሰኔ 2017 በኤስ ኤም 3 የተደረገውን ሙከራ አስታውሱ። ሚሳኤሉ ጤነኛ ነበር፤ ራዳሩም ዒላማውን ይዞት ነበር። የመረጃ ልውውጡን የሚቆጣጠረው ባለሙያ በስሕተት ዒላማውን «ወዳጅ» ብሎ በመመዝገቡ ጠላፊው ሚሳኤል በአየር ላይ ራሱን አጠፋ። ብረቱ አልከዳም። ይህን የመሰለውን ጉዳይ አራተኛ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ተገቢ አይመስለኝም።

ከራዳር ሙያ ዘርፍ

አስተባባሪው ያቀረቡትን ማሻሻያ እደግፋለሁ፤ ሆኖም «መለየት» የሚለው ቃል በባዶ እንዳይቀር ከበስተኋላው ያለው የኃይል ስሌት አብሮ እንዲጻፍ እጠይቃለሁ። የራዳር ማዕበል ሄዶ የሚመለስ በመሆኑ፣ አንድን ዒላማ በሁለት እጥፍ ርቀት ለማየት የሚያስፈልገው አቅም 2 እጥፍ ሳይሆን 16 እጥፍ ነው። በመርከብ ላይ ይህ አቅም ከሦስት ቦታ ይመጣል፦ ከአንቴናው ስፋት፣ ከጄኔሬተሩና ከማቀዝቀዣው። አንቴናው በሰፋና ከፍ ባለ ቁጥር የመርከቧ ክብደት ወደ ላይ ስለሚያመዝን ሚዛኗን ይፈታተናል፤ ወደ ታች ዝቅ ካለ ደግሞ አድማሷ ይጠብባታል። ስፓይ 6 የተባለውን አዲስ ራዳር ይዛ በጥቅምት 2023 አገልግሎት የጀመረችው ጃክ ሉካስ የተባለችው የአሜሪካ ዲስትሮየር (ትልቅ የጦር መርከብ) ከቀደሙት እኅቶቿ የበለጠ የኤሌክትሪክ ኃይልና የማቀዝቀዣ አቅም እንዲኖራት ተደርጋ የተሠራችው ለዚህ ነው። የእኛ ረቂቅ ግን ስለ ጄኔሬተርም ሆነ ስለ ማቀዝቀዣ አንዲት ቃል አልጻፈም። ይህን ያልተናገረ ምክረ ሐሳብ ለመርከብ ሠሪው ምንም አልነገረውም።

በሌላ በኩል የራስን ዓይን ብቻ መጠበቅ አያስፈልግም። በየካቲት 2013 በተደረገ ሙከራ መርከቧ ጠላፊውን የተኮሰችው የራሷ ራዳር ዒላማውን ከማየቱ በፊት፣ ከሳተላይት በተላከላት መረጃ ነበር። ፍሪጌት የተባሉት የኔዘርላንድስ የጦር መርከቦች ደግሞ ከከባቢ አየር ውጭ የሚመታ ሚሳኤል ሳይጭኑ፣ ስማርት ኤል በተባለው የረጅም ርቀት ራዳራቸው የባሊስቲክ ሚሳኤልን በረራ ተከታትለው ለሌሎች ማሳወቅ እንደሚችሉ አሳይተዋል። ገና የሚጀምር የባሕር ኃይል መጀመሪያ ዓይን፣ ቀጥሎ ክንድ ቢያበጅ የሚያሳፍረው ነገር የለም።

አንድ ነገር ልጨምር። በየካቲት 25 ቀን 1991 እ.ኤ.አ. በሳዑዲ ዓረቢያ ዳህራን ላይ የነበረው ፓትሪዮት የተባለ የየብስ ፀረ ሚሳኤል መሣሪያ ሳይጠፋ ከ100 ሰዓታት በላይ ሠርቶ ነበር። የኮምፒውተሩ የጊዜ አቆጣጠር በየጥቂቱ እየተዛነፈ ሄዶ ወደ 0.34 ሰከንድ ደርሷል፤ በዚህች ምክንያት ራዳሩ የሚመጣውን ስከድ ሚሳኤል የፈለገው በሌለበት ቦታ ነው፤ 28 ወታደሮችም ሞቱ። የተስተካከለው ሶፍትዌር ቦታው የደረሰው በማግስቱ ነበር። ያ የየብስ መሣሪያ ቢሆንም ትምህርቱ ለመርከብ ይብሳል፤ በሰከንድ 3 ኪሎ ሜትር የሚበር ዒላማ በአንድ ሺኛ ሰከንድ ውስጥ 3 ሜትር ይጓዛል፤ ያለ ፈንጂ፣ በአካሉ ገጭቶ ብቻ ለሚያጠፋ ጠላፊ ደግሞ 3 ሜትር መሳት ማለት ፈጽሞ መሳት ነው። መርከብ ደግሞ በባሕር ላይ ለሳምንታት ሳይጠፋ የሚሠራ ሥርዓት ይዛ ነው የምትዞረው።

ከስትራቴጂ ጥናት ዘርፍ

ለሁለታችሁም አክብሮት እያለኝ፣ ረቂቁ ሲጀመር የያዘውን አቅጣጫ በሙሉ ልንጥለው አይገባም እላለሁ። የጠላፊው ምርጫ የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ማንን እንከላከላለን የሚለው ጥያቄ መልስ ነው። ከከባቢ አየር ውጭ የሚመታው የኤስ ኤም 3 ዓይነት ሚሳኤል የሚጠብቀው በዋናነት ከተማንና ሰፊ ግዛትን ነው። ሚሳኤሉ ወደ ከባቢ አየር ተመልሶ ሲወርድ የሚመቱት ኤስ ኤም 6 እና አስተር 30 ግን መርከቧን ራሷንና በዙሪያዋ ያሉትን ይጠብቃሉ። ከኅዳር 2023 ጀምሮ በቀይ ባሕር የባሊስቲክ ሚሳኤል በሚጓዙ መርከቦች ላይ ሲተኮስ ዓለም አይቷል፤ በታሪክ የመጀመሪያው ነበር። በመጋቢት 2024 አልሳስ የተባለችው የፈረንሳይ ፍሪጌት ሦስት ባሊስቲክ ሚሳኤሎችን በአስተር 30 መትታ ጥላለች፤ በሚያዝያ ደግሞ ዳይመንድ የተባለችው የብሪታንያ የጦር መርከብ አንድ ጥላለች። ራሷን ማዳን ያልቻለች መርከብ ከተማን ታድናለች ብሎ መጻፍ አይቻልም። ስለዚህ የመጀመሪያው ደረጃ በከባቢ አየር ውስጥ የሚሠራው መከላከያ እንዲሆን፣ የላይኛው ደረጃ ግን ከዚያ በኋላ እንዲመጣ በግልጽ ይጻፍ።

የጃፓን ጉዞም ትዕግሥትን ያስተምራል። በነሐሴ 1998 የሰሜን ኮሪያ ሚሳኤል በሰማይዋ ላይ አልፏል፤ መከላከያውን የመገንባት ውሳኔው በታኅሣሥ 2003፣ የመጀመሪያው የተሳካ ሙከራ ደግሞ በ2007 መጨረሻ ነው። ይህም ኤጂስ (ራዳርንና ሚሳኤልን አጣምሮ የሚቆጣጠር የአሜሪካ ሥርዓት) የተጫነባቸው መርከቦች ቀድሞ እያሏት፣ ልምድ ካላት ከአሜሪካ ጋር እየሠራች ነው። በ2020 በየብስ ሊተከል የነበረውን ዕቅድ የሰረዘችው የጠላፊው ማስነሻ ክፍል በሰው መኖሪያ ላይ ሊወድቅ ይችላል በሚል ሥጋት ሲሆን፣ መፍትሔውንም መልሳ ወደ መርከብ አዞረችው። ባሕር የሰጠው ጥቅም ይኸው ነው።

የቀድሞ የመርከብ መኮንን

የስትራቴጂ ዘርፉ ባልደረባችን ያነሡት ደረጃ ትክክል ነው፤ ቁጥሩ ግን አብሮ መቅረብ አለበት። አንዲት ዘመናዊ ዲስትሮየር 96 የማስወንጨፊያ ቱቦዎች ቢኖሯት፣ እነዚያ ቱቦዎች ለአውሮፕላን፣ ለሰርጓጅ መርከብና ለየብስ ዒላማ የሚሆነውንም ይሸከማሉ። ሲሶው ማለትም 32ቱ ለባሊስቲክ መከላከያ ተመድቦ በየዒላማው ሁለት ቢተኮስ፣ በ16 ዒላማ ያልቃል። ሁለት የሚተኮስበት ምክንያት ደግሞ ግልጽ ነው፤ አንዱ ጠላፊ 80 በመቶ የመምታት ዕድል ቢኖረው ሁለቱ 96 በመቶ ያደርሱታል። ነገር ግን ይህ ስሌት የሚሠራው የአንዱ ስሕተት የሌላው ካልሆነ ነው፤ ዒላማው ራሱ በስሕተት ከተለየ ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም አብሮ ይስታል። ቱቦዎቹን በባሕር ላይ እንደገና መሙላት ደግሞ ከባድ ሥራ ነው፤ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ራሱ በጉዞ ላይ እያለ ባዶ የሚሳኤል መያዣ ወደ መርከብ አሻግሮ ወደ ቱቦ የማውረዱን ዘዴ በሙከራ ያሳየው በጥቅምት 2024 ነው። ስለዚህ ስንት መርከብ የሚለው ቁጥር፣ ስንቱ ሊሞላ ወደብ ላይ ቆሟል ከሚለው ጋር ይቆጠር።

በአገልግሎት ዘመኔ ያየሁትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። በአንድ የሌሊት ልምምድ ላይ ክፍሉ ጨለማ ነበር፤ የሚታየው የስክሪኑ ብርሃንና የሰዎች ፊት ብቻ ነው። ዒላማው አራት አኃዝ ያለው ቁጥር ተሰጥቶታል። ከሌላ መርከብ የመጣ መረጃ ሲቀላቀል ቁጥሩ ተለወጠ፤ እኔ ግን በጆሮ ማዳመጫው የምጠይቀው በአሮጌው ቁጥር ነበር። ከጎኔ የተቀመጠው ወጣት ባለሙያ እጄን ነክቶ «ጌታዬ፣ እሱ ሌላ ነው» ባይለኝ ኖሮ ትእዛዙን ሰጥቼ ነበር። ልምምድ ስለነበረ ማንም አልተጎዳም። በሐምሌ 3 ቀን 1988 ግን ኤጂስ የተጫነባት የአሜሪካ የጦር መርከብ ቪንሴንስ የኢራንን የመንገደኞች አውሮፕላን መትታ 290 ሰዎች ሞተዋል። የመርከቧ መሣሪያ አውሮፕላኑ ከፍታ እየጨመረ መሆኑን በትክክል መዝግቦ ነበር፤ በክፍሉ ውስጥ ግን እየወረደ ነው ተብሎ ተነገረ፤ የዒላማ ቁጥር መቀያየሩም ከነበሩት ግራ መጋባቶች አንዱ ነበር። ያ ወጣት እጄን የነካበት ድፍረት በሥልጠና የሚገኝ ነው፤ ምክረ ሐሳባችን ለዚያ ሥልጠና ጊዜና ገንዘብ ካልመደበ ፊርማዬን ለማኖር እቸገራለሁ።

ከሕግ ዘርፍ

በአጭሩ፦ በ1972ቱ የአሜሪካና የሶቪየት ኅብረት ስምምነት በባሕር ላይ የሚመሠረት የባሊስቲክ መከላከያ የተከለከለ ነበር፤ አሜሪካ በሰኔ 2002 ከስምምነቱ ስለወጣች ያ ገደብ ዛሬ የለም። ሆኖም የሙከራ ቀጠና ለመርከበኞችና ለአውሮፕላን አብራሪዎች አስቀድሞ እንዲታወጅ፣ ከላይ የሚወርደው ስብርባሪ የሚያርፍበት የባሕር ክልልም እንዲሰላ የሚያስገድድ አንቀጽ ይግባ። በየካቲት 2008 ብልሽት የገጠመው ሳተላይት ከባሕር በተተኮሰ ኤስ ኤም 3 ሲመታ፣ ስብርባሪው ቶሎ ወደ ከባቢ አየር ገብቶ እንዲቃጠል ዝቅተኛው ከፍታ የተጠበቀው በዚሁ አስተሳሰብ ነው።

የረቂቅ ዝግጅት አስተባባሪ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከዚህ በታች ያለውን የአንደኛው ክፍል መክፈቻ አንቀጽ በተሰጠው አስተያየት መሠረት ጽፌዋለሁ፤ ቃል በቃል እንድታርሙት እጠይቃለሁ።

«የባሕር ኃይሉ በመጀመሪያ ደረጃ ባሊስቲክ ሚሳኤልን አስቀድሞ ማየት፣ መለየትና ለሌሎች ማስተላለፍ የሚችል የራዳርና የመረጃ ልውውጥ አቅም ይገነባል፤ ለዚህም የሚበቃ የኤሌክትሪክ ኃይልና ማቀዝቀዣ ከመርከቧ የንድፍ ሥራ ጀምሮ ይያዛል። የውጊያ መቆጣጠሪያ ክፍል ባለሙያዎች ሥልጠና ጠላፊ ሚሳኤል ከመገዛቱ በፊት ይጀምራል፤ በየልምምዱም ቀድሞ ያልተነገረ የመለያ ስሕተት፣ የጊዜ አቆጣጠር መዛነፍና የመረጃ መቋረጥ ሆን ተብሎ ይገባል።»

በከባቢ አየር ውስጥ የሚሠራው መከላከያ ይቅደም የሚለውን ሐሳብ እኔ በግሌ ተቀብዬዋለሁ፤ ነገር ግን ሁለት አባላት በጽሑፍ ተቃውሞ ስላቀረቡ በሁለተኛው ክፍል ሁለቱም አማራጮች ከነምክንያታቸው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የቀድሞው መኮንናችን የቱቦና የወደብ ስሌቱን ለሦስት፣ ለአራትና ለስድስት መርከብ አስልተው እንዲያቀርቡልን፣ የራዳር ዘርፉም ሥርዓቱ ሳይጠፋ ስንት ሰዓት እንዲሠራና በየስንት ሰዓቱ ሰዓቱ እንዲመሳከር የሚወስን አንቀጽ እንዲያረቅልን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ሁለቱ ሲደርሱኝ ሁለተኛውን ረቂቅ አሰናድቼ እልካለሁ።