ቫይረስ የገባበት ኮምፒውተር አልነሳ ሲል፦ ፎርማት ወይስ ጥገና?

ሰማያዊ ስክሪን
ወገን፣ አንድ ነገር ላይ ተከራከሩልኝ። ትናንት ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር አውርጄ ጫንኩ። (ስድቡን በኋላ ታደርሱልኛላችሁ።) አንቲቫይረሱ ጮኸ፣ "አጥፋው" አልኩት፣ ሪስታርት ጠየቀኝ። ላፕቶፑ ከዚያ ወዲህ አልነሳም። የአምራቹ አርማ ይመጣል፣ ነጥቦቹ ትንሽ ይሽከረከራሉ፣ ሰማያዊ ስክሪን፣ ከዚያ እንደገና ከአርማው። ባክአፕ ያላደረግኩት የመመረቂያ ጽሑፌ እዚያው ውስጥ ነው። ግማሹ ጓደኛዬ "ፎርማት አድርገው" ይላል፣ ግማሹ "ይጠገናል"። ማንን ልስማ?

ፎርማቴ
ይሄ ደግሞ ምኑ ያከራክራል? ፎርማት ነዋ። ማልዌር (ቫይረስና መሰሉ ጎጂ ፕሮግራም) አንዴ የአድሚን ፈቃድ ካገኘ ምን ምን እንደነካ አንተም አታውቅም፣ እኔም አላውቅም። አንቲቫይረስ አንዱን ይይዛል፣ ሌላው ያመልጠዋል። የባንክ ፓስወርድህን እንዲህ ባለ ማሽን ላይ ልትጽፍ ነው? እ.ኤ.አ. በ2017 ኖትፔትያ የሚባለው ማልዌር የመርከብ ኩባንያውን ሜርስክን ሲመታ ቫይረስ ሲለቅም የዋለ ሰው የለም። 45,000 ኮምፒውተርና 4,000 ሰርቨር በ10 ቀን ውስጥ እንደ አዲስ ጫኑ። እነሱ ያን ሁሉ ከጫኑ አንተ አንዷን ትፈራለህ?

ዝግታ
ፎርማቴ፣ የሜርስክን ታሪክ ግማሹን ዋጥከው። የሠራተኛውን ሁሉ መለያ የያዙት ዋና ሰርቨሮቻቸው ተጠርገው ነበር። የተረፈው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ጋና ቢሮ ውስጥ። የተረፈውም በጥቃቱ ሰዓት እዚያ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ነው! ያ አንድ ቅጂ ባይገኝ ያን ሁሉ ማሽን እንደ አዲስ መጫኑ ብቻውን የት ያደርሳቸው ነበር?

እኔ ፎርማትን አልቃወምም። ቅደም ተከተሉን ነው የምቃወመው። አንድ ጠጋኝ ሳይጠይቀኝ ፎርማት አድርጎ የሦስት ዓመት ፎቶዬን በልቶብኛል፤ ማሽኑን ሲያስረክበኝ "እንደ አዲስ ሆኗል" ብሎ ፈገግ አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 ፔትያ የሚባለው ገንዘብ ጠያቂ ቫይረስ፣ የመጀመሪያው፣ የዲስኩን የፋይል ማውጫ ሲቆልፍ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ነበር። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ቁልፉን የሚያወጣ ነፃ መሣሪያ ተሠራ። ዲስኩን ሳይነካ ያስቀመጠ ፋይሉን መለሰ። ቸኩሎ ፎርማት ያደረገው ምን ይዞ ይምጣ?

ስለዚህ ሰማያዊ፣ በሌላ ንጹህ ኮምፒውተር ላይ የሊኑክስ (በዊንዶውስ ቦታ የሚሠራ ሌላ ሲስተም) ፍላሽ አዘጋጅና በሱ ተነሳ። የታመመው ዊንዶውስ ስለማይነሳ ማልዌሩም አብሮ አይነሳም። ጽሑፍህንና ፎቶህን ብቻ ቅዳ። ፕሮግራም፣ የመጫኛ ፋይል፣ አቋራጭ የሚባል ነገር አትንካ።

አሮጌ ቺፕ
ሁላችሁም መድኃኒት ታዛላችሁ፣ በሽታውን ግን ያየ የለም። ልጁ "ነጥቦቹ ይሽከረከራሉ" ብሏል። ይቺ ነገር ትልቅ ናት። ነጥቦቹ ከታዩ ማሽኑ ዲስኩን አግኝቷል፣ ማስነሻውም ሠርቷል፣ ዊንዶውስ መጫን ጀምሯል ማለት ነው። የተሰበረው ከዚያ በኋላ ያለ ነገር ነው፦ ድራይቨር ወይም የሲስተም ፋይል። ስለዚህ አንዳንዱ እንደ ጸሎት የሚደግመው፣ ማስነሻውን የሚጠግነው የቡትሬክ ትዕዛዝ እዚህ ቦታ የለውም። እሱ ጥቁር ስክሪን ላይ "የሚነሳ ዲስክ የለም" ለሚለው ነው።

ጥፋተኛው ቫይረሱ ነው ብላችሁም አትማሉ። አንቲቫይረሱ የተበከለ የሲስተም ፋይል አብሮ አጥፍቶ ሊሆን ይችላል። ማካፊ የሚባለው አንቲቫይረስ እ.ኤ.አ. በ2010 ጤነኛውን የዊንዶውስ ፋይል ኤስቪሲሆስትን ቫይረስ ነው ብሎ ስንቱን የኤክስፒ ማሽን ሪስታርት ሲያስደርግ ዋለ። እ.ኤ.አ. በ2024 የደህንነት ሶፍትዌር ሠሪው ክራውድስትራይክ በተበላሸ ማሻሻያ 8.5 ሚሊዮን ገደማ ማሽን በሰማያዊ ስክሪን ሲያስቀር ቫይረስ የሚባል ነገር አልነበረም። መፍትሔው ሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በትንሹ ብቻ የሚነሳበት) ገብቶ አንድ ፋይል ማጥፋት ነበር። ያኔ ፎርማት ያደረገ ሰው ምን ይባላል?

ሁለት ሦስቴ ሳይነሳ ሲቀር ሪከቨሪ (የጥገና) ገጹ ራሱ ይመጣል። መጀመሪያ ሴፍ ሞድ፣ ካልሆነ ሲስተም ሪስቶር (ወደ ቀድሞ የተቀመጠ ነጥብ መመለስ)፣ ካልሆነ በኮማንድ ፕሮምፕት (ትዕዛዝ መጻፊያው) ኤስኤፍሲ፣ የተበላሸ የሲስተም ፋይል የሚጠግነው። ተጠንቀቅ፣ እዚያ ውስጥ የዲስኮቹ ፊደል ሊቀያየር ይችላል። ሲ ያልከው ዲ ሆኖ ይጠብቅሃል። መጀመሪያ የዊንዶውስ ፎልደር የት እንዳለ አይተህ ነው ትዕዛዙን የምትጽፈው።

ፎርማቴ
እሺ ተነሳልህ እንበል። ከዚያስ? መነሳቱ ንጹህ አደረገው?

አሮጌ ቺፕ
አላደረገውም። እዚህ ላይ እጄን ሰጥቻለሁ። እኔ የማስነሳው ምን እንደተፈጠረ ለማየትና ዕቃ ለማውጣት ነው፣ አብሬው ለመኖር አይደለም።

ጥርጥር
ፎርማትስ ቢሆን ያድናል? ሎጃክስ የሚባለው ማልዌር፣ የአንቲቫይረስ ኩባንያው ኢሴት እ.ኤ.አ. በ2018 ያጋለጠው፣ ማዘርቦርዱ ላይ ነው የሚቀመጠው። ዲስክ ብትቀይርም አይለቅህም።

ዝግታ
እውነት ነው፣ ግን እሱ ለስለላ የተሠራ ነው፤ ተራ ክራክ ውስጥ የምታገኘው ዓይነት አይደለም። ልጁን አታስደንግጠው። ፎርማት ከተደረገ በኋላ ቫይረስ ተመልሶ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከድሮው ማሽን ፋይል በተቀዳበት ፍላሽ ነው። ወይም ሰውየው ያንኑ ክራክ መልሶ ይጭነዋል።

ሰማያዊ ስክሪን
ተመለስኩ። ሴፍ ሞድም እንቢ አለ። ሲስተም ሪስቶር አንድም ነጥብ የለውም። በሊኑክስ ፍላሽ ስነሳ ደግሞ ዲስኩ ባለ 48 አኃዝ ቁልፍ ጠየቀኝ። ቢትሎከር (የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ) እንደበራ እንኳ አላውቅም ነበር! በስልኬ ወደ ማይክሮሶፍት አካውንቴ ገብቼ አገኘሁት። አኃዞቹን ሳስገባ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ሁለቴ ተሳሳትኩ። ጽሑፌ አለ። አራቱም ምዕራፍ ተቀድቷል፣ በሌላ ማሽን ከፍቼ አይቼዋለሁ። አሮጌ ቺፕ ይቅርታ፣ ኤስኤፍሲን ለመሞከር ትዕግሥት አጣሁ። አሁን ዲስኩን ጠርጌ አዲስ ዊንዶውስ እየጫንኩ ነው፣ 34 በመቶ ላይ ነው።

አሮጌ ቺፕ
ምን እንደሰበረው ሳናውቅ ቀረን። ያንገበግበኛል።

ፎርማቴ
በስልክህ ፓስወርዶችህን ቀየርክ? የኢሜይሉን በተለይ? ከሁሉም ማሽን ውጣ የሚለውንም ተጫን። ብሮውዘርህ ውስጥ የተቀመጠውን የመግቢያ መረጃ ሰርቀውህ ከሆነ ፓስወርድ መቀየር ብቻውን ላይበቃ ይችላል።

ሰማያዊ ስክሪን
ኧረ እሱን ጭራሽ ረስቼዋለሁ። መጣሁ።