ሬዚደንት ሊመደብልን ነው፤ ፕሮግራሙን እንዴት ላውጣው?

አስተዳዳሪ_ልደታ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ አንዲት የቤተሰብ ሕክምና ሬዚደንት (ስፔሻሊቲ በመማር ላይ ያለች ሐኪም) በሳምንት ሁለት ቀን ጤና ጣቢያችን ትመደባለች። ያለን የምርመራ ክፍል ሦስት ነው፤ ጠዋት ጠዋት ትሪያጁ (ታካሚ ተለይቶ የሚመደብበት ቦታ) ጋ መቆሚያ የለም። በቀን ስንት ሰው ልስጣት? የምትጽፈው ላይስ ማን ይፈርማል?

ቀይ_እስክርቢቶ፦
ፊርማው ቀላል ነው። ሬዚደንት የሙያ ፈቃድ ያላት ጠቅላላ ሐኪም ስለሆነች ለተራ ማዘዣ የራሷ ፊርማና ቲተር (የስም ማህተም) ይበቃል። ኢንተርን (የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪ) ቢሆን ሲኒየሩ (የሚቆጣጠረው ነባር ሐኪም) ሳይፈርም አይወጣም። የሚያስቸግረው የሕመም ፈቃድ ነው፤ ክብ ማህተም ካላረፈበት መሥሪያ ቤቱ ይመልሰዋል፣ ታካሚው ደግሞ መጥቶ ካርድ ክፍል ላይ ይጮኻል። ሌላው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ነው። ፌኖባርቢታል በተራ ማዘዣ ከተጻፈ ፋርማሲው አይሰጥም። የሳይኮትሮፒክ (አእምሮ ላይ የሚሠሩ፣ ቁጥጥር ያለባቸው መድኃኒቶች) ማዘዣው ጥራዝ ማን ጋ እንደሚቆለፍ በመጀመሪያው ቀን አሳዩዋት።

ተረኛ፦
ቁጥሩን ከማውጣታችሁ በፊት ሲኒየሩን አስቡበት። እሷ ባለችበት ቀን የሱ ታካሚ በሲሶ ካልተቀነሰ ማስተማሩ ወረቀት ላይ ይቀራል። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ለአንድ ታካሚ 30 ደቂቃ፣ ከዚያ 20 ደቂቃ ያዙላት። በየአራት ታካሚው መሃል 15 ደቂቃ ባዶ ተዉ፤ ካርዶቹን ይዛ ሲኒየሩ ጋ የምትገባው ያኔ ነው። ክፍተቱ ከሌለ በየታካሚው በር ታንኳኳለች፣ ሁለቱም ክፍል ይቆማል።

የትሪያጅ ነርሷንም አናግሯት። አዲስ ሐኪም ሲመጣ ጉንፋኑን ሁሉ ወደሱ መግፋት ልማድ ነው። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የነፍሰ ጡር ክትትል ይድረሳት፤ ቀጠሮውም በሷ ቀን ይሁን። ያንኑ ሰው ደግማ ካላየች የቤተሰብ ሕክምና ምኑን ተማረች?

መዝገብ፦
በሌለችበት ቀን የሚመጣ ውጤትስ? ቫይራል ሎድ (በደም ውስጥ ያለውን የኤችአይቪ መጠን የሚለካ ምርመራ) ወደ ውጭ ተልኮ ስንት ቀን ቆይቶ ይመለሳል፤ ወረቀቱ ካርድ ውስጥ ገብቶ ማንም ሳያየው ይቀራል። ነርሶቹ ጋ አንድ ደብተር ይቀመጥ፦ የካርድ ቁጥር፣ የታካሚው ስልክ፣ የተላከው ምርመራ፣ ቀኑ፣ እሷ ከሌለች የሚያየው ሐኪም። የመጨረሻዋ ዓምድ ባዶ ከሆነች ናሙናው አይላክ።

አስተዳዳሪ_ልደታ፦
አመሰግናለሁ። ክፍሉስ? አራተኛ የለኝም።

ተረኛ፦
የክትባት ክፍሉ ሥራ የማይበዛበትን ሰዓት እዩ። የምርመራ አልጋ፣ መጋረጃና የእጅ መታጠቢያ ካለው ይሆናል። ከሲኒየሩ በር ግን አይራቅ።