አስቸኳይ፦ የክፍሌ ድረ ገጽ ላይ የጫንኩት ኖት በተማሪዎች ስልክ አይነበብም

መምህርት ዘ8ኛ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እባካችሁ ቶሎ የሚመልስልኝ። የ8ኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። በጉግል ሳይትስ ለክፍሌ ድረ ገጽ ሠርቼ የሰዋስው ኖትና መልመጃ በሊንክ አስገብቻለሁ። ነገ ጠዋት ፈተና አላቸው። ከማታ ጀምሮ ወላጆች በላይ በላዩ እየደወሉ ነው፤ «ኖቱ አይነበብም» ይላሉ። በእኔ ላፕቶፕ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ምን ላድርግ?

የሰፈር አይቲ፦
ሼሪንጉ ነው። ድረ ገጹ ክፍት ቢሆንም ፋይሉ የተቀመጠበት ጉግል ድራይቭ ላይ ለብቻው ተቆልፎ ይሆናል። ድራይቭ ግቢ፣ ፋይሉን ምረጪ፣ ሼር በይ፣ ሊንኩ ያለው ሁሉ እንዲያየው አድርጊ። አለቀ።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ ትጋትሽን አደንቃለሁ። ግን ሰዋስው በሰሌዳ ነው የሚገባው። ተማሪ በእጁ ሲገለብጥ ባለቤቱንና ማሰሪያ አንቀጹን ለይቶ ያያል። ስልክ ላይ የተጫነ ኖት አለኝ ብሎ ይተኛል እንጂ አያነበውም። ዕድሜዬን ሙሉ በጠመኔ ያስተማርኳቸው ዛሬ ደብዳቤ አርቅቀው ይበላሉ።

አባ ቴሌግራም፦
ድረ ገጽ ለምን አስፈለገ? ቻናል ክፈቺ፣ ፋይሉን ልቀቂ፣ ፒን አድርጊ። ሁሉም ልጅ ቴሌግራም አለው። ራስሽን አታድክሚ።

መምህርት ዘ8ኛ፦
@የሰፈር አይቲ፣ ሼሩ ለሁሉም ክፍት ነው፤ መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው።
@ጡረተኛው መምህር፣ ጋሼ ልክ ነዎት፤ ክፍል ውስጥ በሰሌዳ ነው የማስተምረው። ይሄ ለቀሩትና ለታመሙት ነው።
@አባ ቴሌግራም፣ ሁሉም የለውም። ብዙዎቹ የሚጠቀሙት በወላጅ ስልክ ነው። አባት ስልኩን ይዞ ሥራ ከሄደ፣ ልጁ ከጎረቤት ስልክ ላይ አድራሻውን ጽፎ ይከፍተዋል። ግሩፕ ላይ ደግሞ ኖቱ በሰላምታና በስቲከር ይዋጣል።

አባ ቴሌግራም፦
ግሩፕ ሳይሆን ቻናል ነው ያልኩሽ። ቻናል ላይ የምትለቂው አንቺ ብቻ ነሽ።

ባለ ዋይፋይ፦
ድራይቭ ላይ ሼር በይና ሊንኩ ላለው ሁሉ ክፈቺው። የእኔም እንደዚህ ነበር።

የሰፈር አይቲ፦
እሱን አልን እኮ። በትምህርት ቤቱ ኢሜይል ከሆነ የሠራሽው ግን ሌላ ነገር አለ። አንዳንድ ትምህርት ቤት ፋይል ከራሱ ኢሜይል ውጭ እንዳይታይ ይዘጋል። በግል ጂሜይልሽ ጭነሽ ሞክሪ። ከዚያ ሊንኩን ጂሜይል ባልገባበት ስልክ ክፈቺው። እዚያ ካልተከፈተ ለልጆቹም አይከፈትም።

ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ፦
ቲቸር፣ ይቅርታ፣ «አይነበብም» ሲሉ ምን ይታያቸዋል? ፈቃድ ጠይቁ ይላቸዋል? ባዶ ነው? ወይስ የተዘበራረቀ ጽሑፍ?

መምህርት ዘ8ኛ፦
አንዷ እናት አሁን ፎቶ ላከችልኝ። የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቅንፍና የጥያቄ ምልክት የተደበላለቀበት ነው። አንድም የአማርኛ ፊደል የለም።

ሳቂታው፦
ይለፍ ቃል ነው የሚመስለው 😀 አይዞሽ ቲቸር፣ ይስተካከላል።

ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ፦
በቃ፣ ፎንቱ ነው፤ የፊደሉን ቅርጽ የሚያሳየው ፋይል ማለቴ ነው። በድሮው የፓወር ግዕዝ ወይም ቪዥዋል ግዕዝ ፎንት ነው የተጻፈው አይደል? እነዚያ ፎንቶች የእንግሊዝኛውን ፊደል ቦታ ይዘው ነው የተሠሩት። ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው የእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ «ሀ» መስሎ የሚታይዎ ፎንቱ ላፕቶፕዎ ላይ ስለተጫነ ነው። ስልክ ላይ ፎንቱ የለም፣ ስለዚህ እውነተኛው ይወጣል። የግዕዝ ፊደል የራሱን ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ነው፤ ዩኒኮድ ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ሥርዓት ነው። በዩኒኮድ የተጻፈ ጽሑፍ የአማርኛ ፊደል በሚያሳይ ስልክ ሁሉ ይነበባል።
ለማረጋገጥ፦ ዎርዱ ላይ አንድ መስመር ይምረጡና ፎንቱን ኤሪያል ያድርጉት። ወደ እንግሊዝኛ ፊደል ከተገለበጠ የድሮው ነው። አማርኛ ሆኖ ከቀረ ዩኒኮድ ነው። የድሮው ከሆነ ኒያላ የሚባለውን የዩኒኮድ ፎንት ቢመርጡለትም ግን አይድንም፤ ብዙ ሰው እዚያ ላይ ይደክማል።
ለዛሬ ማታ፦ ፎንቱ ባለበት በራስዎ ላፕቶፕ ዎርዱን ይክፈቱ፣ ሴቭ አዝ ይበሉ፣ ፒዲኤፍ ይምረጡ። ፒዲኤፍ የፊደሉን ቅርጽ ይዞ ይሄዳል። መጀመሪያ በራስዎ ስልክ ከፍተው ይዩት፣ ከዚያ በዎርዱ ምትክ ይጫኑት።
ለወደፊቱ ሲተይቡ የፓወር ግዕዝን የዩኒኮድ ፎንት ይምረጡ። የለመዱት የፊደል አመታት አይቀየርብዎትም።

ጡረተኛው መምህር፦
ይህን እኔም አላውቅም ነበር። የጻፍኳቸው የፈተና ወረቀቶች ሁሉ በድሮው ፎንት ናቸው ማለት ነው? ልጄ ኮምፒውተሩን ቢቀይረው ይጠፉብኛል?

ቅዳሜ ትምህርት ቤት (ሜሪላንድ)፦
ጋሼ፣ ፋይሉ አይጠፋም፤ አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ፎንቱ እስኪጫን ግን አይነበብም። ዛሬውኑ ፒዲኤፍ ያስደርጉት።
እዚህ ለሐበሻ ልጆች አማርኛ የምናስተምር ሰዎች ከአገር ቤት በሚላክልን ፋይል ሁሌ ይሄ ይገጥመናል። አጭር ኖት ከሆነ እኔ በድምፅ ነው የምገለብጠው። ስልክ ላይ ጉግል ዶክስ እከፍታለሁ፣ የጉግልን ኪቦርድ (ጂቦርድ) አማርኛ አደርገዋለሁ፣ ማይክሮፎኑን ነክቼ አነባለሁ። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ አማርኛ ይሰማል። ሥርዓተ ነጥብ በእጅ ማስገባት ግድ ነው።

አባ ቴሌግራም፦
እሺ ፒዲኤፉን ቴሌግራም ላይም ልቀቂው፤ ሁለቱም ቢኖር አይከፋም። ፎቶ የተነሳ ገጽ ግን አትጫኚ። አንዱ ፎቶ ብዙ ሜጋባይት ነው፣ የወላጅ ካርድ ይበላል።

መምህርት ዘ8ኛ፦
@ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ኤሪያል ሳደርገው ተገለበጠ። ሰዋስውን ፒዲኤፍ አድርጌ በስልኬ አየሁት፣ ጥርት ብሎ ይነበባል። ሊንኩን ቀየርኩ። ግን ያቺው እናት አሁንም የድሮው ነው የሚመጣልኝ ትላለች። ልጇ ሳይተኛ እየጠበቀ ነው።

ባለ ዋይፋይ፦
ሼሩን አይተሻል?

የሰፈር አይቲ፦
ኧረ ሼሩን ተዉት! ቲቸር፣ ጉግል ሳይትስ ላይ ያስተካከልሽው ለአንቺ ብቻ ነው የሚታየው፣ ፐብሊሽ እስክትነኪ ድረስ። ከላይ በቀኝ በኩል ያለውን ፐብሊሽ ንኪ፣ ከዚያ እናትየዋ ገጹን እንደገና ትክፈተው። አዲሱ ፒዲኤፍም እንደ ዎርዱ ለሁሉም ክፍት መሆኑን እዪ፤ አዲስ ፋይል ስለሆነ ተቆልፎ ነው የሚጀምረው።

ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ፦
መልመጃውንም እንዳይረሱት ቲቸር፤ እሱም በዚያው ፎንት ነው የሚሆነው።

የሰፈር አይቲ፦
ቲቸር፣ ተከፈተላቸው?