የአሮጌ የጀልባ ሞተሮች ጥገና፦ የጋራ ማመልከቻችን ምን ይጠይቅ?

ጸሐፊ፦ ጤና ይስጥልን አባላት። ማመልከቻው ሳይዘገይ መግባት ስላለበት ሁላችሁም ያላችሁን ሐሳብ እዚሁ ጣሉ። ረቂቁ አሁን የሚለው፣ አቃቂ አካባቢ የጥገና ቦታ ተሰጥቶን የድሮዎቹን የውድድር ሞተሮች እንድናድስና በሐይቅ ላይ ውድድር እንድናካሂድ ነው። በስብሰባው ያልተግባባነው በውድድሩ ነገር ስለሆነ ከእሱ እንጀምር።

የቆቃው ጋሼ፦ ውድድሩ ከወጣ እኔንም አውጡኝ። ይህን ሁሉ ዘመን ሞተር የጠበቅሁት በርሜል ውስጥ ሲንደቀደቅ ለማየት አይደለም። እናንተ ልጆች ሰው ወንበር ላይ ተደላድሎ የሚነዳ ይመስላችኋል። በውድድር ጀልባ ተንበርክከህ ነው የምትሄደው፤ አንድ እጅህ መሪ ላይ፣ ሌላው ጋዝ መጭመቂያው ላይ። መጭመቂያውን ስትለቀው በስፕሪንግ ይመለስና ጋዙ ይዘጋል። ባይሆን ኖሮ የወደቀ ሰው ላይ ጀልባው ዞሮ ይመጣበት ነበር። አነሳሱም ቆሞ ተኩስ መጠበቅ አይደለም። ትልቁ ሰዓት ወደ ዜሮ ሲቆጥር ጀልባዎቹ ከኋላ ተንደርድረው ይመጣሉ፤ ዜሮ ሲል መስመሩ ላይ መድረስ ነው። ከቀደምክ ተሰረዝክ፣ ከዘገየህ የፊተኞቹን ማዕበል ስትጠጣ ትውላለህ። እኛ በቆቃ ስንወራረድ ሰዓት የሚይዝልን ሰው ነጭ ጨርቅ ያውለበልብ ነበር፤ ማታ ግን ጨርቁ መቼ እንደወረደ ሳንጨቃጨቅ የበላነው ራት ትዝ አይለኝም።

የቃሊቲው ቶርኖ ቤት፦ ጋሼ፣ ወግዎ አይጠገብም፤ ግን እጃችን ላይ ያለውን እንይ። ከሞተሮቹ ሜርኩሪ ኬጂ 7 አለን፣ ማርክ 20 ኤች አለን፣ ጆንሰኑ አለ፣ ያቺ የበርሊን ኮኒግም አለች። ዛሬ ቢታዘዝ ውሃ ላይ የሚወጣ አንድም የለም። የኬጂው ፒስቶኖች ሲሊንደር ውስጥ ደርቀው ተጣብቀዋል። ካንዴላዎቹን ፈትቼ ነጭ ጋዝና ዘይት ደባልቄ በቀዳዳው አፍስሼበታለሁ። ጠዋት ጠዋት ቮላኖውን፣ ማለትም ከላይ ያለውን ከባድ መሽከርከሪያ፣ በሁለት እጄ ይዤ ወደ ቀኝም ወደ ግራም በቀስታ እገፋዋለሁ፤ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ የጥፍር ውፍረት ያህል እየተንቀሳቀሰ ነው። እባካችሁ ጋራዥ የምትመጡ ሰዎች ቁልፍ አስገብታችሁ አትታገሉት፤ ፒስቶኑን የሚይዘው ዘንግ፣ ቢዬላው፣ ከተጣመመ በሱማሌ ተራም በምናለሽ ተራም ምትክ አይገኝለትም። የጆንሰኑ ደግሞ ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው የኮይሉ ሽፋን እንደ በጋ ጭቃ ተሰነጣጥቋል፤ እሳቱ ካንዴላው ጋ ሳይደርስ በስንጥቁ ወደ ብረቱ ያመልጣል። እሳቱን የሚያቋርጠውን ፕላቲን ጠርጌ ክፍተቱን ግማሽ ሚሊ ሜትር አድርጌዋለሁ፣ ኮይሉ ግን መቀየር አለበት።

ገንዘብ ያዥ፦ ኮይልና የውሃ ፓምፕ ጎማ ከውጭ ነው የሚመጣው። የዕቃ ዝርዝር የሌለው ማመልከቻ ከእኔ ፊርማ አያገኝም። ደግሞስ ውድድር ካልን ኢንሹራንስ፣ አምቡላንስ፣ ዋናተኛ፣ ሕይወት አድን ጃኬት ሊባል ነው። ማን ይከፍላል?

ወጣቷ መሐንዲስ፦ ከገንዘቡ በፊት የአየሩን ነገር አንርሳ። እነዚህ ሞተሮች የተቃኙት ለባሕር ጠለል አካባቢ ነው። ቢሾፍቱ ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ካለው ጉልበት አንድ አምስተኛ ገደማ ያጣል። ቤንዚኑ ግን በዚያው ልክ ስለማይቀንስ ድብልቁ ይወፍራል፤ ካንዴላው ጥቀርሻ ይለብሳል፣ ሞተሩ እየተናነቀ ይሄዳል። ስለዚህ የካርቡራቶሩ ዋና ዤት፣ ቤንዚኑ የሚያልፍበት ቀዳዳ ያለው ቁራጭ፣ በአነሰ ቀዳዳ ይቀየር፤ ፕሮፔለሩም በአንድ ዙር ብዙ የማይገፋ ዓይነት ይሁን፣ አለዚያ ሞተሩ ዙሩ ላይ አይደርስም። ዤት መቅዳትና ፕሮፔለር ማስተካከል ደግሞ ለቴክኒክና ሙያ ተማሪ ጥሩ ሥራ ነው። እኔ ዋናው ጥያቄያችን እዚህ ላይ ቢያርፍ እላለሁ፦ ቦታና ቶርኖ ይሰጠን፣ ልጆቹን እናስተምር።

የቆቃው ጋሼ፦ ልጄ፣ እኛ ዤቱን በሽቦ ጠበብ እያደረግን ነበር የምንነዳ። ትክክል ብለሻል፣ አልካድኩሽም። ነዳጁ ውስጥ የምንጨምረው የጉሎው ዘይትስ? ያ ሽታ ከሌለ ውድድር አይመስለኝም።

የቃሊቲው ቶርኖ ቤት፦ የጉሎ ዘይት የሚስማማው በሜታኖል፣ በአልኮል ነዳጅ፣ ለሚሄደው ሞተር ነው፤ ከቤንዚን ጋር በቅዝቃዜ ቶሎ ይለያያል። ከአጥር የተለቀመ ጉሎ አስጨምቆ ሳያስጣሩ መጨመርማ የፒስቶኑን ቀለበቶች፣ ፋሻዎቹን፣ ማጣበቅ ነው። ለምጣድ ማሰሻ ይሁን። እኛ የሁለት ምት ሞተር ዘይት ከቤንዚን ጋር አንድ ለሃያ አራት እንጠቀም፤ ጢሱ ይብዛ እንጂ ለአሮጌ ኩሽኔታ ይሻላል። በነገራችን ላይ እነዚህ ሞተሮች ቤንዚኑን መጀመሪያ በኮሎው ቤት፣ ፒስቶኑ የሚያዞረው ዘንግ ባለበት ክፍል፣ በኩል ስለሚስቡት በመጋጠሚያው ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ትንሽ አየር ካስገባ አይነሱም። ስለዚህ ሙሉ የጓርኒሲዮን ወረቀት ዝርዝሩ ውስጥ ይግባ።

ገንዘብ ያዥ፦ ያዝኩት። ቦታውስ? የአባ ሳሙኤል ግድብ ለጋራዡ ቅርብ ነው።

ወጣቷ መሐንዲስ፦ አባ ሳሙኤል በፍጹም። በአቃቂ ወንዝ የሚመጣው ቆሻሻ አለ፣ እምቦጩ አለ። ሥሩ የውሃ መሳቢያውን ከዘጋ ሞተሩ ወዲያው ይግላል፣ ፕሮፔለሩ ላይ ከተጠመጠመም ፕሮፔለሩን የሚይዘው ፒን ይሰበራል። ለገዳዲና ገፈርሳ የመጠጥ ውሃ ናቸው፣ ማሰብም ነውር ነው። የሚቀረን ቢሾፍቱ ነው፤ ከዚያም ውስጥ የባቦጋያ ሐይቅ።

ጸሐፊ፦ ባቦጋያ ዙሪያ ሰው ይኖራል፣ መዝናኛዎችም አሉ። ጭስ ማውጫቸው ክፍት የሆኑትን ሞተሮች ያለ ድምፅ ማፈኛ ብናስነሳ ነገ ሁለተኛ አይፈቀድልንም። የእሑድ ጠዋት ቅዳሴ ሰዓትም ይታሰብ። ዘይትና ቤንዚን ውሃው ላይ እንዳይፈስም ሞተር የሚሞላው ከዳር ርቆ፣ ከሥሩ ሳህን ተደርጎ ነው ብለን እንጻፍ። የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ሐይቅ ነው፣ የገባበትን የሚጠርግ ወንዝ የለውም።

የቆቃው ጋሼ፦ እሺ፣ ተሸነፍኩ አልልም፤ ግን እንዲህ እናድርገው። ዘንድሮ ማሳያ ይሁን። አንድ አንድ ሞተር እየወጣ ዙር ይዙር፣ ግራ ግራውን፣ እንደ ደንቡ። ሰዓቱ ግን ይቀመጥ። መስመሩን በዜሮ ማለፍ የሚችል ሰው ካለ ይታይ፤ ብቻውን ሆኖም ከሰዓቱ ጋር መፎካከር ነው። ውድድሩ ደግሞ ከሁለት ሞተር በላይ ሲነሳልን ይጠየቃል ተብሎ ይጻፍልኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ ይህን እፈርማለሁ።

ጸሐፊ፦ እንግዲህ የተስማማነውን ላስፍር። ከክፍለ ከተማው የምንጠይቀው ቶርኖና ሞርሳ የሚገባበት፣ መብራት ያለው አንድ ክፍል ነው። ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጁ የምንጠይቀው ተማሪዎችን ለልምምድ እንዲልክልን፤ እኛ እሳት አመንጪውን ማግኔቶ፣ ካርቡራቶርና የማርሽ ቤት እናስተምራለን። ከቢሾፍቱ የምንጠይቀው ለግማሽ ቀን ማሳያ ፈቃድ፣ ከአዳኝ ጀልባ ጋር። በበርሜል ውኃ ተፈትኖ ያላለፈ ሞተር ሐይቅ አይወርድም። የዕቃ ዝርዝሩን ገንዘብ ያዣችን ያያይዛል። ቅዳሜ ከሰዓት ጋራዡ ጋ ተገናኝተን እንፈርም። በርሜሉን ማን ያመጣል? ጋሼ፣ ሰዓቱ እርስዎ ጋ ከሆነ ይዘውት ይምጡ፤ ባትሪውን እኔ እገዛለሁ።